የጂም ኬብል ከመበጠሱ በፊት፦ በጣና ዙሪያ ለሚገኙ ጂሞች የእንክብካቤ መመሪያ

የኬብል ማሽን ላይ የሚሠራ ሰው ሙሉ ጉልበቱን የሚያሳርፈው ከትንሿ ጣቱ በቀጠነ ገመድ ላይ ነው። ላት ማሽን ላይ ተቀምጦ ብረቱን ከአናቱ በላይ ወደ ደረቱ እየሳበ ሳለ ኬብሉ ቢበጠስ፣ የያዘው ብረት በራሱ ጉልበት ተወርውሮ ፊቱን ወይም አንገቱን ይመታዋል፤ ወደ ኋላ ተገልብጦ ሊወድቅም ይችላል። አደጋው የሚደርሰው በቅጽበት ነው፤ መንስኤው ግን ለወራት ሲጠራቀም የቆየ ነው። ከባሕር ዳር እስከ ማክሰኝት ባሉ ከተሞች ጂም የሚያስተዳድሩ ወይም ማሽኖቹን የሚንከባከቡ ከሆነ ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእርስዎ ነው። የማቀርበው ክርክር አንድ ነው። ኬብል የሚቀየረው የድካም ምልክት ሲያሳይ ወይም ዕድሜው ሲደርስ ነው፤ እስኪበጠስ የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም። የአካባቢያችን ብረት ሠራተኞችም ክህሎታቸውን ማዋል ያለባቸው በማሽኑ ሌላ አካል ላይ እንጂ በኬብሉ ላይ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሰነዘረው መቃወሚያ «ይህ ኬብል እኮ ከአንድ ቶን በላይ ይሸከማል» የሚል ነው። ነገሩ መሠረት አለው። በጂም ማሽኖች ላይ የተለመደው ኬብል ውስጡ 4.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የብረት ገመድ ነው፤ 7 ጅማቶች ተገምደውበታል፤ እያንዳንዱ ጅማት 19 ቀጫጭን ሽቦዎች ስላሉት በድምሩ 133 ሽቦ ይሆናል። አዲስና ቀጥ ያለ ሲሆን ለመበጠስ 1,900 ኪሎ ግራም ገደማ ጭነት ይፈልጋል። ማሽኑ ላይ ያለው ክብደት ደግሞ የዚህ ትንሽ ክፍልፋይ ነው። ታዲያ ለምን ይበጠሳል? ኬብልን የሚጨርሰው ዋናው ነገር መታጠፉ ስለሆነ ነው። ቀጭን ሽቦን ደጋግሞ ያጠፈና ያቃና ሰው በመጨረሻ በጣቱ እንደሚሰብረው፣ ኬብሉም በሚዞርበት ባለ ቦይ ጎማ (ፑሌጃ) ላይ ሲወጣ ይታጠፋል፣ ሲወርድ ይቃናል። ሒሳቡን እንሥራው፦ በቀን 40 ሰው የሚጠቀምበት ማሽን ቢኖርና እያንዳንዱ ሰው 3 ዙር አሥር አሥር ጊዜ ቢስብ፣ በቀን 1,200 ስበት ይሆናል። ኬብሉ በሄደና በተመለሰ ቁጥር ስለሚታጠፍ በአንድ ፑሌጃ ላይ 2,400 መታጠፍ አለ፤ በወር 26 ቀን ቢሠራ 62,400። ክብደቱን በጩኸት ለቆ የሚጥል ተጠቃሚ ሲኖር በዚህ ላይ ድንገተኛ ንጠቃ ይታከልበታል። ሽቦዎቹ አንድ በአንድ ይሰበራሉ፤ የሚሰበሩትም ከፕላስቲኩ ሥር ስለሆነ ዓይን አያያቸውም። ያ ሁሉ የመሸከም አቅም የአዲስ ኬብል አቅም ነው፤ ዛሬ ማሽንዎ ላይ ያለው ኬብል ምን ያህል እንደቀረው ግን ቁጥሩ አይነግርዎትም።

በጣና ዙሪያ ደግሞ ኬብልን የሚፈትኑ ሁለት ወቅቶች አሉ። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ፣ አየሩ እርጥበት ያዘለ ነው፤ ሌሊት የቀዘቀዘ ብረት ንጋት ላይ ጤዛ ይቋጥራል። ፕላስቲኩ የተሰነጠቀ ኬብል ያንን እርጥበት ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ከዚያ በኋላ ዝገቱ ከውስጥ ነው የሚበላው። በበጋ፣ በተለይ ከጥር እስከ ግንቦት፣ አስፋልት ባልለበሱት የውስጥ መንገዶች ባጃጅ የሚያስነሣው አቧራ በመስኮት ገብቶ ዘይት የነካው ብረት ላይ ሁሉ ይለጠፋል። ከግራሶ ጋር የተደባለቀ አቧራ ብረት ይፍቃል። ስለዚህ ንጹሕ አየርና አየር ማቀዝቀዣ ላለው አዳራሽ የተጻፈ መመሪያ «በወር አንዴ» ያለውን፣ እኛ ዘንድ በሳምንት አንዴ ማድረግ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የሚያስፈልግዎ መሣሪያ ብዙ አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ፣ ትንሽ ጥጥ፣ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪ፣ የተሟላ የመፍቻ ስብስብ፣ አለን ኪ፣ ሜትር፣ ካሊፐር፣ ውሃ ልክ፣ የሲሊከን ስፕሬይ፣ ማርከርና አንድ ደብተር ይያዙ። ከነዚህ ውስጥ ሰዎች የማይገዙት ደብተሩን ነው፤ ለምን እንደሚያስፈልግ በስድስተኛው ደረጃ ላይ እመለስበታለሁ።

1. ማሽኑን ከሥራ ያውጡ

ሥራውን ጂሙ ሳይከፈት ወይም ከተዘጋ በኋላ ይጀምሩ። «አይሠራም» የሚል ወረቀት መለጠፍ ብቻውን አይበቃም፤ የለመደ ሰው ወረቀቱን ገለል አድርጎ ይቀመጣል። የክብደት መምረጫውን ፒንና እጀታውን አውልቀው ከእርስዎ ጋር ይያዙ፤ ያለነሱ ማሽኑን መጠቀም አይቻልም። የክብደት ፕሌቶቹ ሁሉ ተደራርበው ከሥር መደገፊያቸው ላይ ማረፋቸውን ያረጋግጡ። ክብደቱን ከፍ አድርጎ መሥራት ግድ ከሆነ ሁለት ወፍራም የእንጨት ጉማጆች ከሥሩ ያስገቡ። ጓደኛዎ እንዲይዝልዎ ማድረግ ምትክ አይሆንም፤ የሰው ክንድ ይዝላል። ጣትዎን በሁለት ፕሌቶች መካከል በምንም ምክንያት አያስገቡ።

2. አቧራና ላብ ያስወግዱ

ይህ የየዕለት ሥራ ነው። በሳሙና ውሃ ነክረው በደንብ የጨመቁትን ጨርቅ በእጀታዎች፣ በመቀመጫውና በኬብሉ ላይ ያሳልፉ፤ ወዲያውኑ በደረቅ ጨርቅ ያድርቁ። ላብ ጨው አለው፤ ብረት ላይ ሲቆይ ያዝጋል። በጣም የተለመደው ስሕተት በረኪና መጠቀም ነው። ጀርም ይገድላል በሚል በቅን ልብ የሚደረግ ነው፤ ነገር ግን በረኪና የኒኬልና የክሮም ልባጥን ይበላል፣ የመቀመጫ ቆዳን ያደርቃል፣ የኬብሉን ልባስም ያዳክማል። ለንጽሕናው ሳሙናና ማድረቅ ይበቃል። ወለሉን ሲያጥቡም ውሃው ከክብደቶቹ ሥር እንዳይተኛ ይጠንቀቁ።

3. ኬብሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይመርምሩ

አንድ ደረጃ ብቻ የመሥራት ጊዜ ካለዎት ይህንን ይሥሩ፤ በሳምንት ቢያንስ አንድ ጊዜ። አብዛኛው ሰው የሚያየው ዓይኑ ፊት ያለውን የኬብሉን መሐል ነው። ኬብል ግን ብዙውን ጊዜ የሚበጠሰው ጫፉ አጠገብ ነው፤ ምክንያቱም የተጨመቀው የብረት ማሰሪያ አይታጠፍም፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ኬብል ግን ይታጠፋል፤ ድካሙም በዚያች ጠባብ ቦታ ይከማቻል። ስለዚህ ከሁለቱ ጫፎች ይጀምሩ። ከማሰሪያው ቀጥሎ ያለውን አንድ ስንዝር ያህል በባትሪ እያበሩ ዙሪያውን ይዩ። ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል? አንድ ቦታ አብጧል? ወይስ በተቃራኒው ቀጥኗል? ዝገት ያቀለመው እርጥበት ይታያል? ከዚያም ማሰሪያው የሚያልቅበትና ኬብሉ የሚጀምርበት ላይ በማርከር ቀጭን መስመር ያስምሩ። በሚቀጥለው ሳምንት መስመሩ ከማሰሪያው ከራቀ ኬብሉ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው፤ ማሽኑ በዚያው ቅጽበት ይቆማል።

ቀጥሎ ፑሌጃ ውስጥ የተደበቀውን ክፍል ማየት አለብዎት። ማሽኑ ባረፈበት ሁኔታ የተወሰነው ኬብል ሁልጊዜ ከፑሌጃው ጋር እንደተጣበቀ ነው፤ ዝም ብሎ የሚመለከት ሰው ያንን ክፍል ፈጽሞ አያየውም። ለዚህ ሲሉ እጀታውን ይመልሱ፣ ፒኑንም ትንሹ ክብደት ላይ ያድርጉና ረዳትዎ ቀስ ብሎ እንዲስብና እንዲይዘው ያድርጉ፤ እርስዎ እጅዎን ሰብስበው በዓይን ብቻ ይከታተሉ። ክብደቱ ወርዶ ካረፈ በኋላ ጥጥ በኬብሉ ላይ ያሳልፉ። ከፕላስቲኩ ወጥቶ የተሰበረ ሽቦ ካለ ጥጡን ይነጭበታል። በባዶ እጅ ማሻሸት የተለመደ ነው፤ የሽቦው ጫፍ መርፌ ስለሆነ ግን ጣት ይወጋል።

እዚህ ላይ «የተቀደደው ላስቲኩ ብቻ ነው፣ ብረቱ ደህና ነው» የሚል ክርክር ይነሣል። ልባሱ ለውበት የተደረገ አይደለም። ሁለት ሥራ አለው፤ እርጥበትን ይከላከላል፣ ኬብሉ ፑሌጃውን ሳይፍቅ እንዲንሸራተትም ያደርጋል። ልባስ በአንድ ቦታ ከተቀደደ ያ ቦታ ከሌላው በላይ እየተፋቀ ወይም እየታጠፈ እንደነበር ምስክር ነው፤ ሥሩ ያለው ብረትም ያንኑ መከራ ተካፍሏል። በናስትሮ መጠቅለል ደግሞ ከመተው የባሰ ነው፤ ምልክቱን ይሸፍናል፣ እርጥበቱን ያፍናል፣ ፑሌጃውንም ያጨናንቃል። ደንቡ አጭር ይሁን፦ ራቁቱን የወጣ ብረት የታየበት ኬብል ሰው አይስበውም።

በመጨረሻ የኬብሉን ውጥረት ይፈትሹ። ክብደቱ አርፎ ሳለ ኬብሉ መላላትም መወጠርም የለበትም። ከተወጠረ ላይኛው ፕሌት ከሌሎቹ ተነሥቶ ይንሳፈፋል፣ ፒኑም ቀዳዳው ውስጥ አልገባ ይላል፤ ከላላ ደግሞ ከፑሌጃው መስመር ወጥቶ ይቆነጠጣል። ማስተካከያውን ብሎን ጥቂት በማዞር ይስተካከላል። አንዴ የተስተካከለ ኬብል በሳምንት ውስጥ ደግሞ ከላላ ግን ማጥበቁን ትተው ምክንያቱን ይፈልጉ፤ ወይ ጫፉ እየተንሸራተተ ነው፣ ወይ ውስጡ እየተሰበረ ነው።

4. ፑሌጃና ኩሽኔታ

ኬብሉን ከፑሌጃው ላይ ያላሉና እያንዳንዱን ፑሌጃ በጣትዎ ያሽከርክሩ። በጸጥታ መዞር አለበት። የሚንቋቋ ወይም የሚይዝ ከሆነ ኩሽኔታው አልቋል፤ ወደ ጎን የሚወላገድ ከሆነ ወይ ኩሽኔታው ወይ ብሎኑ ለቋል። ወለሉ ላይ፣ ከፑሌጃው ሥር፣ የፕላስቲክ ብናኝ ካዩ ኬብሉ ቀጥ ብሎ እየገባ አይደለም፤ ክር ወጥረው ሁለቱ ፑሌጃዎች በአንድ መስመር ላይ መሆናቸውን ይለኩ። ብናኙን ጠርጎ መሄድ ብቻ ማስረጃውን ማጥፋት ነው።

የአካባቢያችን ባለሙያ ዋጋ የሚጎላው እዚህ ነው። ፑሌጃ በቶርኖ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ የኩሽኔታው ቁጥር ጎኑ ላይ ተቀርጿል፣ ያንኑ ቁጥር፣ ሁለት ጎኑ በላስቲክ የተዘጋውን፣ በመለዋወጫ ሱቅ ጠይቆ መግዛት ይቻላል። ለቶርኖ ሠራተኛው ግን ሦስት ነገር በግልጽ ይንገሩት። አንደኛ፣ ዲያሜትሩ ከነባሩ ማነስ የለበትም፤ ትንሽ ፑሌጃ ኬብሉን አብዝቶ ያጥፈዋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። ሁለተኛ፣ ቦዩ ከኬብሉ ውፍረት ጋር የሚስማማና የለሰለሰ ይሁን። ሦስተኛ፣ ከተቻለ ከጠንካራ ናይለን ይሠራ፤ ሸካራ ብረት ልባሱን ይልጠዋል። ፑሌጃውን ሲመልሱ ዳዶውን እስኪያነቀው አያጥብቁ፤ ታስሮ የማይዞር ፑሌጃ ላይ ኬብሉ እየተንሸራተተ ይፋቃል። የተዘጋ ኩሽኔታ ላይ ዘይት ወይም ነጭ ጋዝ ማንጠባጠብም ልማድ ሆኗል፤ ውስጡ ያለውን ግራሶ አጥቦ ከማውጣት በቀር ጥቅም የለውም።

5. ዘንጎቹ፣ ክብደቶቹና ፒኑ

ፕሌቶቹ የሚንሸራተቱባቸው ሁለት ዘንጎች ሻካራ ከሆኑ ክብደቱ ይይዝና ድንገት ይለቃል፤ ያ ንጠቃ ወደ ኬብሉ ይሄዳል። በሳምንት አንድ ጊዜ ዘንጎቹን በደረቅ ጨርቅ እስኪጠሩ ይጥረጉ፤ ከዚያ ሲሊከኑን ጨርቅ ላይ ረጭተው ዘንጉን በስሱ ያብሱ። በቀጥታ ዘንጉ ላይ ቢረጩት ወለሉንና እጀታውን ያንሸራትታል። ግራሶና የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት ትልቁ ስሕተት ነው፤ ለጥቂት ቀን ያለሰልሳል፣ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ የፕሌቶቹን ቀዳዳ ያሰፋል። ደብሊውዲ 40 ደግሞ የዛገ ብሎን ለማላቀቅ ይጠቅማል፤ ለዘንግ የሚቆይ ማለስለሻ አይሆንም። የማሽኑ አምራች ቀጭን ዘይት ብሎ ከጻፈ ግን የእሱን ቃል ይከተሉ።

ክብደቱ ሁልጊዜ አንዱን ዘንግ ብቻ እየፋቀ ከሆነ ችግሩ ከወለሉ ሊሆን ይችላል። ውሃ ልኩን በማሽኑ እግር ላይ በሁለት አቅጣጫ ያሳርፉ፤ የዘነበለውን እግር በላሜራ ቁራጭ ደግፈው ያስተካክሉ። ፒኑ የማሽኑ የራሱ ፒን ይሁን፤ እስከ ጥጉ መግባቱንም ይፈትሹ። ፒን ሲጠፋ ሚስማር ወይም የፌሮ ቁራጭ መሰካት በዓይን ሲያዩት ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ቀጭኑ ይጣመማል፣ መያዣ የሌለው እየተንቀጠቀጠ ይወጣል፣ ክብደቱም ከተሳበበት ቦታ ይወድቃል።

6. ብሎን፣ ብየዳና መዝገብ

በወር አንድ ጊዜ ብሎኖቹን ሁሉ በመፍቻ ይንኩ። አገር ውስጥ ከቱቦላሬ የተበየዱ ማሽኖች ካሉዎት ብየዳዎቹን በባትሪ ይዩ፤ ቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል መስመር ወይም ዝገት የሚያለቅስ ቦታ ካለ ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ቀለሙን ፍቀው ያረጋግጡ። የእጀታ መንጠቆዎች ውስጣቸው ተቦርቡሮ ቀጥኖ ከሆነ ወይም መዝጊያቸው ካልተመለሰ ይቀይሯቸው።

«የእኛ ማሽን መመሪያ መጽሐፍ የለውም» የሚል ጂም ደብተሩን ራሱ መመሪያ ያድርገው። ለእያንዳንዱ ማሽን አንድ ገጽ ይስጡ፤ ኬብሉ የገባበት ቀን፣ የኬብሉ ርዝመትና ውፍረት፣ የኩሽኔታው ቁጥር፣ የየሳምንቱ ፍተሻ ውጤትና የፈታሹ ፊርማ ይጻፍ። ሠራተኛ ሲቀየር እውቀቱ አብሮ እንዳይሄድ የሚያደርገው ይህ ገጽ ነው። ዋናውን ፍተሻ በዓመት ሁለቴ ያድርጉ፤ አንዱን ግንቦት መጨረሻ ዝናቡ ሳይገባ፣ ሁለተኛውን መስከረም ላይ እርጥበቱ ሲለቅ።

7. ኬብሉን ይቀይሩ

በርካታ አምራቾች ሕዝብ በሚጠቀምበት ጂም ኬብል በየዓመቱ እንዲቀየር ይመክራሉ። በቀን ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ማሽን ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል፤ ምልክት ያሳየ ግን ሦስት ወር ብቻ ቢሆነውም ይቀየራል። «ገና ያልተበጠሰውን ለምን በገንዘቤ እጥላለሁ» ለሚል ባለቤት መልሱ በርቀት ይጀምራል። ማክሰኝት ላይ ያለ ጂም ዕቃ ፍለጋ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጎንደር ይሄዳል፤ እዚያ ካጣ ወደ ባሕር ዳር ይዞራል። ባሕር ዳር ያለው ደግሞ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ካለችው አዲስ አበባ ያስመጣል። ኬብል ሳይዘጋጅ የተበጠሰበት ማሽን ዕቃው እስኪደርስ ቆሞ ይከርማል፤ ደንበኛው ግን የወሩን ክፍያ ከፍሏል። የተጎዳ ሰው ካለ ሒሳቡ ከዚህ ሁሉ ይለያል። ሁልጊዜ ለእያንዳንዱ የማሽን ዓይነት አንድ መለዋወጫ ኬብል መደርደሪያ ላይ ይኑር፤ አንዱን በገጠሙ ዕለት ሌላውን ያዝዙ።

በጣም ከባዱ መቃወሚያ ግን «የእኛ ሠራተኛ ይቀጥለዋል» የሚለው ነው። መኪናና ወፍጮ ጠግኖ የሚያስነሣ እጅ በአገራችን አለ፤ ይህን የምጠራጠር አይደለም። ኬብል ግን በብልሃት የሚረታ ዕቃ አይደለም። የብረት ገመድ ሲቋጠር ጥንካሬው በግማሽ ገደማ ይወርዳል። ሲበየድ እሳቱ የሽቦዎቹን ብርታት ያጠፋል፤ ከብየዳው ቀጥሎ ያለው ቦታ ይሰበራል። በዩ ቅርጽ ክላምፕ ማሰር ለአጥርና ለምሰሶ ይሆናል፤ ፕላስቲክ በለበሰ ኬብል ላይ ግን ክላምፑ የሚነክሰው ልባሱን ስለሆነ ይንሸራተታል፣ በፑሌጃም አያልፍም። የባጃጅ ፍሪሲዮን ሽቦ ወይም የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ደግሞ ቀጭን ነው፤ የተሠራው ለእጅና ለእግር ጉልበት እንጂ ለሚወረወር ክብደት አይደለም። ጥቅል ኬብል ገዝቶ ጫፉን ማሠራት የሚቻለው ሠራተኛው ከኬብሉ ልክ ጋር የሚስማማ ማሰሪያና የሃይድሮሊክ መጭመቂያ ካለው ብቻ ነው። በመዶሻ የተቀጠቀጠ ማሰሪያ አይቀበሉ።

ሲቀይሩ መጀመሪያ የኬብሉን መንገድ ከየአቅጣጫው በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ ከፈቱት በኋላ የትኛው ፑሌጃ በየት በኩል እንደሚዞር ማስታወስ አስቸጋሪ ነው። አሮጌውን ወለል ላይ ቀጥ አድርገው ዘርግተው ማሰሪያዎቹን ጨምረው ይለኩ፤ ስለረዘመ ጥቂት ትርፍ ሊያሳይ እንደሚችል ያስቡ። ውፍረቱን በካሊፐር ልባሱ ባልተጎዳበት ቦታ ይለኩ። አዲሱን ሲያስገቡ አያጣምሙት፤ ከጥቅሉ ሲፈቱት እንደ ጎማ ያንከባልሉት እንጂ ከጎን አይሳቡት፤ አንዴ የተቆነጠጠ ኬብል አይቃናም። ጫፉ ላይ ያለው ብሎን ወደ ክብደቱ ራስ ቢያንስ የራሱን ውፍረት ያህል መግባት አለበት፤ ከዚያ ማቆሚያ ዳዶው ይጠብቃል። በጥቂት ጥርስ ብቻ የተያዘ ብሎን እየተንቀጠቀጠ ይፈታል፤ አዲስ ኬብል ገብቶም የሚደርስ አደጋ በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል ብዬ አስባለሁ። የኬብል መጠበቂያ ሽፋኖችንም ሳይረሱ ይመልሱ።

ሙከራውን በትንሹ ክብደት ይጀምሩ። ከብረቱ አቅጣጫ ወደ ጎን ቆመው፣ ማንም ሰው መቀመጫው ላይ ሳይቀመጥ፣ አሥር ጊዜ ያህል ቀስ ብለው ይሳቡ፤ እየጨመሩ ይሂዱ። አዲስ ኬብል በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት ይረዝማል፤ ስለዚህ በሳምንቱ ውጥረቱን እንደገና ያስተካክሉ፣ ዳዶውን በመፍቻ ይንኩ፣ የማርከሩን መስመር ይዩ፣ ቀኑን ደብተሩ ላይ ይጻፉ። የወጣውን ኬብል ደግሞ መጋዘን ውስጥ አያስቀምጡት፤ «ይጠቅማል» ብሎ ሌላ ማሽን ላይ የሚገጥመው ሰው አይጠፋም። በመቁረጫ ከአራት ቦታ ቆራርጠው ለቁራሊዮ ይስጡት።